ካሎሪ የተቀነሰላቸው ለስላሳ መጠጦች፤ የተፈጥሮ ማጣፈጫ ይሻላል ወይስ ሰው ሠራሽ?

(በተማሪዎች ማኅበር የክርክር ሰዓት ላይ የተደረገ ንግግር)




ለዛሬው ስብሰባችን የተመረጠው የክርክር ርእስ «ካሎሪ በተቀነሰላቸው ለስላሳ መጠጦች ውስጥ ከሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ይልቅ የተፈጥሮ ማጣፈጫ ሊጨመር ይገባል» የሚል ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ በተለጠፈ ዕለት አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ ጠግቦ የሚያድር ሕዝብ ጭንቀት ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ መልሱን አስቀድማለሁ። የስኳር ሕመም ዛሬ የሀብታም አገር ሕመም ብቻ አይደለም፤ በየዘመዶቻችን ቤት የገባ ሕመም ነው። እነዚህም መጠጦች ወደ ሱቆቻችን ገብተዋል። ነገ ሐኪም፥ መድኃኒት ቀማሚ፥ አስተማሪ ወይም የምግብ ተቆጣጣሪ ሆነን «ልጄ፥ ይህን ብጠጣ ምን ይለኛል?» ተብለን የምንጠየቀው እኛው ነን። በዚያን ጊዜ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቃል እየደገምን የምንመልስ ከሆነ ትምህርታችን ምን ጠቀመ?

እኔ የቆምኩት ርእሱን ለመቃወም ነው። ይሁን እንጂ ሰው ሠራሹን ለማወደስ አልተነሣሁም። አሳቤ አጭር ነው፤ «የተፈጥሮ» እና «ሰው ሠራሽ» የሚባሉት ቃላት አንድ ነገር ከየት እንደ መጣ ይነግሩናል እንጂ በሰውነታችን ውስጥ ምን እንደሚሠራ አይነግሩንም። ይህን ለማስረዳት በመጀመሪያ ስለ ጣፋጭነት፥ ቀጥሎ ስለ ሁለቱ ወገኖች ታሪክ፥ በመጨረሻም ስለ ማስረጃው እናገራለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጣፋጭነት ምንድን ነው?

በቋንቋችን «ጣፈጠ» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። ወጡ ጣፈጠ ስንል ጨውና ቅመሙ ተመጣጠነ ማለታችን ነው። ጨዋታም ይጣፍጣል፤ የንጋት እንቅልፍም ይጣፍጣል። ሳይንስ ግን ነገሩን ከምላስ ይጀምራል። በምላሳችን ላይ ጣፋጭን የሚለይ፥ ከሁለት ፕሮቲኖች የተጣመረ አንድ ተቀባይ አለ፤ ተመራማሪዎች ለይተው ያወቁት በ2001 ነው። ይህን ተቀባይ እንደ ጓጉንቸር፥ ስኳርን ደግሞ እንደ ቁልፉ ልንመስለው እንችላለን። ጓጉንቸሩን የሚከፍተው ግን ስኳር ብቻ አይደለም፤ ከስኳር ጋር በዘር የማይገናኙ ብዙ ነገሮች ይከፍቱታል፤ አንዳንዶቹም ከስኳር እጅግ አብልጠው ይከፍቱታል። ድመት ከሁለቱ ፕሮቲኖች አንዱን የምታወጣበት ዘረ መል ስለ ተበላሸባት የስኳርን ጣዕም አታውቅም። ስለዚህ ጣፋጭነት በስኳሩ ውስጥ ተቀምጦ የሚኖር ነገር ሳይሆን በስኳሩና በምላሱ መካከል የሚፈጸም ሥራ ነው።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። አንድ 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የኮላ ጣሳ 35 ግራም ያህል ስኳር አለበት። ይህ 8 የሻይ ማንኪያ ግድም ነው፤ ካሎሪውም 140 ያህል ነው። በአንድ ብርጭቆ ሻይ ውስጥ 8 ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው ብናይ እንደነቃለን፤ በጣሳ ታሽጎ ሲመጣልን ግን ቀዝቃዛነቱና አሲዱ ጣፋጭነቱን ስለሚሸፍኑት ሳንደነቅ እንጠጣዋለን። ከስኳር 200 ጊዜ የሚጣፍጥ ነገር ብናገኝ፥ 35 ግራሙን ለ200 ስናካፍል 0.175 ግራም ይመጣል። ይህ በማንኪያ ጫፍ የሚያዝ ዱቄት ነው፤ ካሎሪውም አንድ እንኳ አይሞላም። ካሎሪ የተቀነሰላቸው መጠጦች ምስጢር በሙሉ ይህ ነው። ዛሬ የምንከራከረውም ያ በማንኪያ ጫፍ የሚያዘው ዱቄት ከላቦራቶሪ ይምጣ ወይስ ከቅጠል በሚለው ላይ ነው።

ከላቦራቶሪ የመጡት

የመጀመሪያው ሳካሪን ነው። በ1879 በአሜሪካ አገር በባልቲሞር ከተማ፥ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፥ ኮንስታንቲን ፋልበርግ የተባለ ኬሚስት በፕሮፌሰር አይራ ሬምሰን ላቦራቶሪ ውስጥ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን በሚገኙ ነገሮች ላይ ይሠራ ነበር። አንድ ማታ እጁን ሳይታጠብ እራት ቢቀርብ እንጀራው ሁሉ ጣፈጠው። ሳይክላሜትም በ1937 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተገኘው፥ ማይክል ስቬዳ የተባለ ተማሪ የሚያጨሰውን ሲጋራ ከሥራ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ መልሶ ከአፉ ሲያደርገው ስለ ጣፈጠው ነው። አስፓርቴም በ1965 የተገኘው፥ ጄምስ ሽላተር የጨጓራ ቁስል መድኃኒት ለመፈለግ ሲሠራ ወረቀት ለማንሣት ጣቱን በምላሱ ባራሰ ጊዜ ነው። ሱክራሎዝ ደግሞ በ1976 በለንደን በኩዊን ኤልሳቤጥ ኮሌጅ ተገኘ፤ ሻሺካንት ፋድኒስ የተባለው ወጣት ተመራማሪ «መርምረው» የሚለውን የእንግሊዝኛ ትእዛዝ «ቅመሰው» የተባለ መስሎት ቀመሰው ይባላል። የኬሚስትሪ ተማሪዎች ጓደኞቼ ይህን ምሳሌ እንዳትከተሉ እለምናለሁ፤ ቀምሰው ስማቸው የተጠራላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ቀምሰው የተጎዱትን ማንም አይጠራቸውም።

ከግኝቱ ይልቅ የሚያስተምረው ከግኝቱ በኋላ የተደረገው ትግል ነው። ሳካሪን ርካሽ ስለ ነበረ የስኳር ነጋዴዎችን አስደነገጠ። በጀርመን አገር ከቀይ ሥር ዘመዶች ስኳር የሚያመርቱት ባለ ፋብሪካዎች መንግሥትን ወትውተው በ1902 በወጣ ሕግ ሳካሪን በመድኃኒት ቤት ብቻ እንዲሸጥ አስደረጉ። በዚህም ምክንያት ከስዊስ አገር ድንበር እየተሻገረ በኮንትሮባንድ የሚነገድ ሸቀጥ ሆነ። በአሜሪካ አገር ደግሞ የእርሻ ሚኒስቴር ዋና ኬሚስት ሃርቪ ዋይሊ ሳካሪን ከምግብ እንዲወገድ ሲታገል፥ ሐኪሙ በየቀኑ ሳካሪን ያዘዘለት ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ተቆጣው። በ1908 ነገሩን እንዲመረምር የተቋቋመው የሊቃውንት ሸንጎ ሊቀ መንበር የተደረገውም ሳካሪን በላቦራቶሪው የተገኘበት ያው ሬምሰን ነበረ። ዳኛውና ባለጉዳዩ የአንድ ቤት ሰዎች ሲሆኑ ፍርዱ ቅን ቢሆን እንኳ ማን ያምነዋል?

ካሎሪ የሌለው ለስላሳ መጠጥ በሰፊው መሸጥ የጀመረው በ1952 በኒውዮርክ ከተማ በብሩክሊን ነው። «ኖ ካል» የተባለው ይህ መጠጥ መጀመሪያ የታሰበው ለስኳር ሕመምተኞች ነበር። ኋላ ግን መክሳት የሚፈልገው ሕዝብ ከሕመምተኛው ስለ በዛ፥ በ1963 ኮካ ኮላ «ታብ» የተባለውን፥ በ1964 ፔፕሲ «ዳየት ፔፕሲ» የተባለውን አወጡ። በዚያን ዘመን ማጣፈጫው የሳይክላሜትና የሳካሪን ድብልቅ ነበረ። ሳካሪን ለብቻው ሲሆን ከጠጡት በኋላ የብረት ዓይነት መራራነት በምላስ ላይ ይተዋል፤ ሳይክላሜት ያን መራራነት ይሸፍንለታል።

በጥቅምት ወር 1969 የአሜሪካ መንግሥት ሳይክላሜትን አገደ። ምክንያቱ ድብልቁን በብዙ መጠን እንዲበሉ ከተደረጉ 240 አይጦች በ8ቱ ፊኛ ላይ ዕጢ መታየቱ ነበር። በ1958 የወጣው የአገሩ ሕግ በእንስሳ ላይ ነቀርሳ ያመጣ ማናቸውም ነገር ከምግብ ጋር እንዳይጨመር ያዝዛል፤ መጠኑ ይህን ያህል ነው ብሎ መከራከርን አይቀበልም። የስኳር ኢንዱስትሪም የሳይክላሜትን ጉድለት ለሚፈልጉ ምርምሮች ገንዘብ ይከፍል እንደ ነበረ ኋላ በራሱ ሰነዶች ታወቀ። ሳይክላሜት እስከ ዛሬ በአሜሪካ እንደ ታገደ ነው፤ በአውሮፓ ግን በተወሰነ መጠን ይፈቀዳል። አንድ ዱቄት በውቅያኖስ ወዲህ ምግብ፥ በውቅያኖስ ወዲያ ክልክል ሲሆን ተመልከቱ። የሰው ሆድ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ነው፤ የተለያየው ሕጉ ነው።

ሳካሪንም በ1977 ተመሳሳይ ነገር ደረሰበት። በካናዳ በወንድ አይጦች ላይ የፊኛ ነቀርሳ ስለ ታየ በአሜሪካ ሊታገድ ታሰበ። የስኳር ሕመምተኞች ግን ሌላ ማጣፈጫ ስላልነበራቸው ጮኹ፤ ምክር ቤቱም እገዳውን አቁሞ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ብቻ እንዲለጠፍ አደረገ። ከብዙ ዓመት ምርምር በኋላ፥ ያ ነቀርሳ የሚመጣው ብዙ ሳካሪን ሲሰጠው በአይጥ ሽንት ውስጥ በሚፈጠር ደቃቅ ጠጠር ምክንያት መሆኑና በሰው ላይ እንደዚያ የማይሆን መሆኑ ስለ ታወቀ፥ በ2000 ከነቀርሳ አምጪዎች ዝርዝር ወጣ፤ ማስጠንቀቂያውም ተነሣ። ሳይንስ ስሕተቱን ያርማል፤ ነገር ግን 23 ዓመት ፈጀበት።

ዛሬ በብዙዎቹ መጠጦች ውስጥ የሚገኘው አስፓርቴም ነው። በአሜሪካ ለለስላሳ መጠጥ የተፈቀደው በ1983 ነው። የተሠራው ከሁለት አሚኖ አሲዶች ነው፤ ሁለቱም በሥጋ፥ በወተት፥ በእንቁላልና በጥራጥሬ ውስጥ አሉ። በሆድ ውስጥ ሲፈርስ ጥቂት ሜታኖል ይወጣዋል፤ ይህ ቃል ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ከአንድ ብርጭቆ የቲማቲም ጭማቂ የሚገኘው ሜታኖል ከዚህ ይበልጣል። እውነተኛ ጉድለቶቹ ሌሎች ናቸው። አንደኛ፥ ፌኒላላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ ሰውነታቸው ሊያፈርሰው የማይችል፥ ከልደት ጀምሮ ፌኒልኬቶኑሪያ ያለባቸው ጥቂት ሰዎች ስላሉ እነርሱ ፈጽሞ ሊጠጡት አይገባም። ሁለተኛ፥ ሙቀት አይችልም፤ ጠርሙሱ በፀሐይ ከዋለ ማጣፈጫው ቀስ በቀስ ፈርሶ ጣዕሙ ይጠፋል። ስለዚህ በብዙ መጠጦች ውስጥ በ1967 በጀርመን አገር ከተገኘውና ሙቀትን ከሚችለው ከአሴሰልፌም ፖታሲየም ጋር ይደባልቁታል።

ከቅጠል የመጡት

አሁን ወደ ተቃራኒዎቼ ሠፈር ልሻገር። የተፈጥሮ ማጣፈጫዎች አለቃ ስቴቪያ ነው። ይህ ቅጠል በፓራጓይና በብራዚል ድንበር አካባቢ የሚበቅል ሲሆን፥ የጓራኒ ሕዝብ «ካአ ሄኤ»፥ ማለት ጣፋጭ ቅጠል እያለ መራራ የማቴ መጠጡን ሲያጣፍጥበት ኖሯል። ሞይሴስ ቤርቶኒ የተባለው የእጽዋት ሊቅ በ1899 በሳይንስ ስም ጻፈው፤ በ1931 ሁለት የፈረንሳይ ኬሚስቶች ጣፋጩን ነገር ለይተው አወጡት። ጃፓኖች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በብዙ ምግብ ውስጥ ጨመሩት። አሜሪካ ግን በ1991 ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለች፤ በ2008 ከቅጠሉ ተጣርቶ የወጣውን ሬባውዲዮሳይድ ኤ የተባለውን እንዳልተቃወመች አስታወቀች። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ፈቀደ። ኮካ ኮላም በ2013 በአርጀንቲናና በቺሌ ስኳርና ስቴቪያ የተቀላቀለበት፥ አረንጓዴ ጽሑፍ የተለጠፈበት «ኮካ ኮላ ላይፍ» የተባለ መጠጥ አወጣ። መጠጡ ካሎሪው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከብዙ ገበያዎች ተነሣ። አረንጓዴው ቀለም የመጣው ከቀለም ፋብሪካ እንጂ ከቅጠሉ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በአሜሪካ ለማጣፈጫነት የተፈቀደው ቅጠሉ አይደለም። ያልተጣራ የስቴቪያ ቅጠል በማጣፈጫነት እስከ ዛሬ አልተፈቀደም። የተፈቀደው በውኃ ተዘፍዝፎ፥ ተጣርቶ፥ በአልኮል ታጥቦና እንደ ጨው ረግቶ፥ ንጹሕነቱ ከመቶ 95 እጅ በላይ የሆነው ነጭ ዱቄት ነው። ይህን ያህል የተለፋበት ዱቄት የተፈጥሮ ከተባለ፥ የወንጂ ስኳርስ ምን ሊባል ነው? ሸንኮራው ተጨምቆ፥ ጭማቂው በኖራ ጠርቶ፥ ፈልቶና ረግቶ ነጭ ስኳር ይሆናል። እርሱም የመሬት ፍሬ ነው። ከተፈጥሮ መምጣቱ ግን ጥርስን ከመቦርቦር አላዳነውም።

ከዚህም የባሰ ግራ የሚያጋባ አለ። የስቴቪያ ተራ ዱቄት ኋላ ላይ መራራ ስለሚል፥ ባለ ፋብሪካዎች ጣዕሙ ወደ ስኳር የቀረበውን ሬባውዲዮሳይድ ኤም የተባለውን ይፈልጋሉ። እርሱ ግን በቅጠሉ ውስጥ ያለው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዘረ መሉን በለወጡት እርሾ አማካይነት ከስኳር ያፈሉታል። እርሾ ጠጅን እንደሚያፈላው መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ ይህ እርሾ በላቦራቶሪ የተሠለጠነ መሆኑ ነው። የተገኘው ነገር በቅጠሉ ውስጥ ካለው ጋር በአንዲት አቶም እንኳ አይለያይም፤ ቅጠል ግን አልነካውም። እንግዲህ ተቃራኒዎቼ ይመልሱልኝ፤ ይህ የተፈጥሮ ነው ወይስ ሰው ሠራሽ? ሱክራሎዝስ? እርሱ የሚሠራው ከስኳር ላይ ሦስት ቦታ ክሎሪን በመተካት ነው፤ ከስኳር የተሠራ ነው እየተባለ የወጣው ማስታወቂያ በአሜሪካ ክስ አስነሥቶ በ2007 በስምምነት አለቀ።

የጓራኒን ሕዝብ ጉዳይ ሳላነሣ አላልፍም። የቅጠሉን ምስጢር ያወቁት እነርሱ ናቸው፤ ከብዙ አገር ገበያ የሚገኘው ትርፍ ግን በአብዛኛው ወደ እነርሱ አልደረሰም። እኛ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በጤፋችን ዱቄት ላይ በሆላንድ አገር የባለቤትነት መብት ተወስዶ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት እስከ ሻረው ድረስ ስንከራከር ኖረናል። «ተፈጥሮ» የሚለው ቃል በጠርሙስ ላይ ሲጻፍ፥ ያን ተፈጥሮ ለብዙ ዘመን ያወቀውን ገበሬ ስም አብሮ የጻፈ አላየሁም።

ማስረጃው ምን ይላል?

ተቃራኒዎቼ «ሰው የቆየበት ነገር የተፈተነ ነው» ይላሉ። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም፤ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን የአገራችን ሰው ጓያን ስንት ዘመን በላው? በደህና ዘመን ከሌላ እህል ጋር ሲበላ የማይጎዳው ጓያ፥ በረሐብ ዘመን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ጎልማሳውን እግሩን ሽባ ያደርገዋል። በስምጥ ሸለቆ ከምድር የሚፈልቀው ውኃ ማንም ሰው አልሠራውም፤ በውስጡ ያለው ፍሎራይድ ግን በወንጂና በሌሎችም ቦታዎች የብዙ ሰው ጥርስ አበላሽቷል፤ አጥንትም አጉብጧል። ኮሶም ከዛፍ ይመጣል፤ መጠኑ ሲበዛ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ተፈጥሮ እናታችን ናት፤ ነገር ግን እናት ሁልጊዜ ማር ብቻ አታበላም።

ስለዚህ መጠየቅ ያለብን መጠኑን ነው። ሊቃውንት በእንስሳ ላይ ጉዳት ያላሳየውን ከፍተኛ መጠን ወስደው አብዛኛውን ጊዜ ለ100 በማካፈል ሰው ዕድሜውን ሙሉ በየቀኑ ሊወስደው የሚችለውን ገደብ ይወስናሉ። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና የእርሻ ድርጅት የጋራ ሸንጎ ለአስፓርቴም የወሰነው በኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 40 ሚሊ ግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ በቀን እስከ 2,400 ሚሊ ግራም ማለት ነው። በአንድ ጣሳ 180 ሚሊ ግራም ያህል አለ ብንል 13 ጣሳ ይሆናል። 15 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ግን ከ3 ጣሳ በኋላ ወደ ገደቡ ይደርሳል። ይህን በልደትና በበዓል ቀን የምናስተናግድ ሁሉ ልናስታውሰው ይገባል።

ለስቴቪያ የተወሰነው ገደብ ደግሞ ስቴቪዮል ተብሎ ሲሰላ 4 ሚሊ ግራም ነው። መጠጡ በሬባውዲዮሳይድ ኤ ብቻ ቢጣፍጥ ለ60 ኪሎው ተማሪ 4 ጣሳ ግድም ይመጣል። ስቴቪያ የከፋ ነው ለማለት አይደለም፤ ሁለቱም ገደቦች ሰፊ ጥንቃቄ የተጨመረባቸው ናቸው። ነገር ግን «የተፈጥሮ ስለ ሆነ እንደ ልብ ይጠጣል» የሚለው አነጋገር በሒሳብ የማይቆም መሆኑን ያሳያል። የአባቶች ምሳሌም ማርም ሲበዛ ይመራል ብሎ ጨርሶታል።

በ2023 ሁለት ነገሮች ተሰሙ፤ በብዙ ሰው አፍም ተቀላቀሉ። በሐምሌ ወር የዓለም ጤና ድርጅት የነቀርሳ ምርምር ክፍል አስፓርቴምን «ነቀርሳ ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ተራ አስገባው። ይህ ተራ የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን ታላቅነት አይናገርም፤ ማስረጃውም ውሱን ነው ተብሏል። በዚያው ቀን ከላይ የጠቀስኩት ሸንጎ 40 ሚሊ ግራሙን ሳይለውጥ አጸና። ሁለተኛው ለክርክራችን ይበልጥ የሚጠቅመው ነው። በግንቦት ወር ድርጅቱ፥ ክብደት ለመቀነስ ተብሎ ስኳር ባልሆኑ ማጣፈጫዎች መመካት እንደማይገባ መከረ፤ ምክሩንም ከሳካሪን እስከ ስቴቪያ ድረስ የተፈጥሮ ሰው ሠራሽ ሳይል ለሁሉም አንድ አደረገው። ምክሩ ቀድሞ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም፤ እንደ ሁኔታው የሚታይ እንጂ የጸና ትእዛዝም አይደለም።

የምክሩ ምክንያት ይህ ነው። በጥቂት ወራት ፈተና ስኳር ያለበትን መጠጥ በዚህ የለወጡ ሰዎች ጥቂት ይከሳሉ። ብዙ ሰዎች ለዓመታት ሲታዩ ግን እነዚህን መጠጦች የሚያዘወትሩት በስኳር ሕመምና በልብ ሕመም ይበልጥ ሲያዙ ይታያል። መጠጡ ነው ያሳመማቸው ወይስ ቀድሞ የወፈሩትና ሕመም የጀመራቸው ሰዎች ናቸው ወደ መጠጡ የሚሄዱት? ጥናቶቹ ይህን ለይተው አልጨረሱም። በ2022 በእስራኤል አገር በቫይስማን የሳይንስ ተቋም በ120 ጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ፈተና፥ ሳካሪንና ሱክራሎዝ የደም ስኳርን አሠራር ለውጠው ተገኙ፤ አስፓርቴምና ስቴቪያ ይህን አላደረጉም። በአንጀት ውስጥ የሚኖሩትን ረቂቅ ሕዋሳት ግን አራቱም ለውጠዋል። ልብ ካላችሁ መስመሩ የተሰመረው በተፈጥሮና በሰው ሠራሽ መካከል አይደለም፤ ሁለቱ ሰው ሠራሾች በአንድ ወገን፥ አንድ ሰው ሠራሽና አንድ ቅጠል በሌላው ወገን ወድቀዋል። ጥርስንም በተመለከተ፥ ማጣፈጫው የትኛውም ቢሆን በመጠጡ ውስጥ ያለው አሲድ ያው ስለ ሆነ ጥርስን መሸርሸሩ አይቀርም።

የቃሉ ጉዳት

ይህን ሁሉ የተናገርኩት ቃል ለመሰንጠቅ አይደለም። «የተፈጥሮ» የሚለው ቃል ሰው ይጎዳል። ከዘመዶቼ መካከል የስኳር ሕመም ያለባቸው አንዲት እናት፥ ስኳር ከሻያቸው አስወጥተው በምትኩ ማር ያደርጉ ነበር። «ማር እኮ ንብ የሠራው ነው፤ የተፈጥሮ ነው፤ ፋብሪካ አልገባም» ይሉኝ ነበር። ማር ከመቶ 80 እጁ ስኳር ነው፤ በደማቸው ውስጥ ሲገባ ንብ ሠራው ፋብሪካ ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኚህ እናት አላዋቂ አልነበሩም፤ ልጆቻቸውን አስተምረው ለወግ ያበቁ ሴት ናቸው። የተታለሉት በአንዲት ቃል ነው። ያችኑ ቃል አሁን በቀለም አስጊጠው በጠርሙስ ላይ ሊለጥፉልን ነው፤ እኛም ዛሬ እጃችንን አውጥተን ድምፅ ልንሰጣት ነው።

በሌላውም ወገን እንደዚሁ ነው። «ኬሚካል ነው» ተብሎ ስለ ተነገራቸው ብቻ ከሐኪም የተፈቀደላቸውን ማጣፈጫ ትተው ወደ ስኳር የተመለሱ ሕመምተኞች አሉ። ውኃም ኬሚካል ነው፤ ጨውም ኬሚካል ነው።

ስለዚህ የቀረበው ርእስ ውድቅ እንዲሆን እየጠየቅሁ፥ በቦታው አራት ጥያቄዎች እንዲተኩ አሳብ አቀርባለሁ። ማናቸውም ማጣፈጫ ሲቀርብልን «ከየት መጣህ?» ከማለታችን በፊት፥ ምን ያህል ነህ? ለማን ነህ? በምን ተፈተንህ? የፈተናውንስ ወጪ ማን ከፈለ? ብለን እንጠይቅ። አራተኛውን ጥያቄ ከሳካሪን ዘመን ጀምሮ የስኳር ነጋዴም የማጣፈጫ ነጋዴም በየተራቸው እንድንጠይቀው አስገድደውናል።

ለማኅበራችንም ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ማኅበሩ ለሚመለከተው ክፍል ደብዳቤ ጽፎ፥ በአገራችን በሚሸጡ በእነዚህ መጠጦች ላይ የማጣፈጫው ስምና በሚሊ ግራም የተቆጠረ መጠኑ፥ ገዢው በሚያነብበው ቋንቋና በሚታይ ፊደል እንዲጻፍ ይጠይቅ። «የተፈጥሮ» የሚለውን ቃል ቢፈልጉ ይጻፉት፤ ቁጥሩ ግን አብሮት ይኑር። ሁለተኛ፥ የጤና ትምህርት ተማሪዎች ጓደኞቻችን በክረምት ወደየአገራቸው ሲሄዱ ስለ ማርና ስለ ስኳር ሕመም ቢያንስ በየቤታቸው ያስተምሩ። ይህ በጀት አያስፈልገውም።

«አንተስ ምን ትጠጣለህ?» ለምትሉኝ፥ ስኳር ያለበትን መጠጥ ዕለት ዕለት የሚጠጣ ሰው ካሎሪ ወደ ተቀነሰለት ቢለውጥ፥ ማጣፈጫው ቅጠልም ይሁን የላቦራቶሪ፥ ለጊዜው የሚጠቀም ይመስለኛል። ምላሱን ከዚህ ሁሉ ጣፋጭ ያላመደ ሰው ግን ከሁለቱም የበለጠ ይጠቀማል። አምቦ ውኃ ከምድር ፈልቆ ይመጣል፤ የቧንቧው ውኃ በክሎሪን ታክሞ ይመጣል። አንዱ የተፈጥሮ፥ አንዱ የሰው እጅ የገባበት ነው፤ ሁለቱም ጥም ይቆርጣሉ፤ በሁለቱም ውስጥ ስኳር የለም።

 አሁን መድረኩ የተቃራኒዎቼ ነው።